የግቢው ልጆች፤ የአብርሃም ቨርጊስ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከአቃቂ ሲታይ

የአንድን ሕዝብ ኑሮ ለሚያጠና ሰው ልብ ወለድ መጽሐፍ ምን ያህል ምስክር ሊሆን ይችላል የሚለው ጥያቄ በምሁራን ዘንድ የቆየ ነው። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ግን ደራሲው በከተማው ተወልዶ፣ በከተማው አድጎ፣ ነገር ግን የከተማው ሰው ተብሎ ሳይቆጠር የቀረ እንደ ሆነ ነው። ዶክተር አብርሃም ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያሳተሙት «ከቲንግ ፎር ስቶን» የተባለው ልብ ወለድ ይህን ጥያቄ እንደገና ያስነሣል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1955 ከሕንዳውያን መምህራን በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የሕክምና ትምህርታቸውንም በዚያው ጀምረው አብዮቱ ስላቋረጣቸው በማድራስ ፈጸሙ። ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1998 ስለ ራሳቸው ሕይወትና ሥራ የሚናገሩ ሁለት መጻሕፍት ጽፈዋልና፣ ይህኛው ለልብ ወለድ የመጀመሪያቸው ነው።

የመጽሐፉ ስም ከጥንታዊው የሐኪሞች መሐላ፣ ከሂፖክራተስ፣ የተወሰደ ነው። በዚያ መሐላ ሐኪሙ ጠጠር የያዘውን በሽተኛ እንዳይቀድና ሥራውን ለባለሙያው እንዲተው ቃል ይገባል። «ስቶን» ማለት ድንጋይ ወይም ጠጠር ሲሆን፣ የባለታሪኮቹም የአባት ስም ስለ ሆነ፣ ስሙ ሁለት ፍች እንዲይዝ ሆኖ ተመርጧል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ፕሬይዝ የምትባል የደቡብ ሕንድ ተወላጅ የሆነች ካቶሊካዊት መነኩሲት እ.ኤ.አ. በ1947 ከማድራስ በመርከብ ተነሥታ በኤደን በኩል አዲስ አበባ ትደርሳለች፤ «ሚሲንግ» በሚባል ሆስፒታልም ቶማስ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ረዳት ሆና ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1954 ማንም ሳያውቅባት ፀንሳ ኖሮ፣ በራሳቸው የተጣበቁ መንታ ወንዶች ወልዳ ትሞታለች፤ አባትየውም ልጆቹን ጥሎ ይኮበልላል። ማሪዮንና ሺቫ የተባሉትን መንታዎች ሄማና ጎሽ የሚባሉ ሕንዳውያን ሐኪሞች እንደ ልጆቻቸው ያሳድጓቸዋል። የሞግዚቲቱ የኤርትራዊቱ የሮዚና ልጅ ገነትም በዚያው ግቢ አብራቸው ታድጋለች። ተራኪው ማሪዮን ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥሎ ይወጣና በኒው ዮርክ፣ በብሮንክስ፣ ድሆች በሚታከሙበት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ይማራል። በዚያም ከአባቱና ከገነት ጋር ይገናኛል፤ ከሞት አፋፍም ደርሶ የወንድሙ የጉበት ክፋይ ያድነዋል። ወንድሙ ግን ይሞታል። በመጨረሻም ማሪዮን ወደ ተወለደበት ግቢ ይመለሳል።

እንግዲህ መጽሐፉ የአዲስ አበባ መጽሐፍ ነውን? ወይስ በአዲስ አበባ ውስጥ ያለ የአንድ አጥር መጽሐፍ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከመሀል ከተማ ይልቅ ከደቡብ ዳርቻው፣ ከአቃቂ ላይ ቆሞ ሲታይ ነው። አቃቂም በዘመኑ ሕንዳውያን ያሉበት ግቢ ነበረውና። ያ ግቢ ግን ሆስፒታል አልነበረም፤ ፋብሪካ ነበር። ሁለቱ ግቢዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ የመጽሐፉ ብርታትም ጉድለቱም ይገለጣል።

በመጀመሪያ ብርታቱን መመልከት ይገባል። ደራሲው የሚያውቁትን ይጽፋሉ፤ የሚያውቁትም በዳር የተቀመጠን ሰው ኑሮ ነው። በሐምሌ ወር 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራበት የኖረው፣ ዜግነትን የሰጠው በትውልድ ቦታ ሳይሆን በአባት ወይም በእናት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከእንግሊዛዊ አባትና ከሕንዳዊት እናት የተወለዱት ማሪዮንና ሺቫ ዓይናቸውን የገለጡት በአዲስ አበባ ቢሆንም ኢትዮጵያውያን አይደሉም። እንግሊዝንም ሆነ ሕንድን አያውቋቸውም። እንግዳ ሲሰነብት ወርቅነቱ ወደ ብር፣ ብርነቱም ወደ ብረት እንደሚለወጥ አበው ይናገራሉ፤ በዚያው ቤት ስለ ተወለደ እንግዳ ግን የተናገሩት የለም። የቨርጊስ መጽሐፍ የተጻፈው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ማሪዮን ከተማይቱን የሚወድደው መብት እንደሌለው እያወቀ ነው፤ ስለዚህ ፍቅሩ ከልማድ የተገኘ ሳይሆን ዘወትር የሚፈተን ፍቅር ይሆናል። በኢትዮጵያ ስለ ኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት የመጣውንና የሚመለሰውን መንገደኛ ዓይን ይዘው ሲናገሩ፣ ይህኛው የሚመለስበት ሌላ አገር የሌለውን ሰው ዓይን ይዞ ይናገራል።

ይህ ማኅበረ ሰብ የራሱ የመነሻ ትረካም አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕንድን ሲጎበኙ፣ በኬረላ የደንብ ልብስ የለበሱ ሕፃናት ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲጎርፉ አይተው፣ የእነዚህን ልጆች መምህራን ለአገሬ አምጡልኝ አሉ እየተባለ በመምህራኑ ቤተሰቦች ዘንድ ይነገራል። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ ሕንድን የጎበኙት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ደራሲው ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ከመምህራን ወላጆች አዲስ አበባ ላይ ተወልደው ነበር። ስለዚህ ትረካው ከነገሩ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህም ትረካውን ከንቱ አያደርገውም። በሕግ ቦታ ያልተሰጠው ማኅበረ ሰብ «ንጉሥ ጠርቶን መጣን» የሚል ቃል ለምን እንዳስፈለገው ማየት ለኑሮ ጥናት ከቀኑ እውነትነት የበለጠ ትምህርት ይሰጣል።

ሁለተኛው የመጽሐፉ ብርታት የግቢውን ሥርዓት መግለጹ ነው። እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ስትቆረቆር በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ የተሠራች ከተማ ናት፤ ብዙዎቹ ሰፈሮቿ ዛሬም በራሶችና በደጃዝማቾች ስም ይጠራሉ። በእያንዳንዱ ግቢ ከመካከል የጌታው ቤት፣ ከበሩ ዘበኛው፣ ከጓሮ የአገልጋዮች ቤት ይገኝ ነበር። አገልጋዩ በደመወዝ ብቻ ሳይሆን በመጠጊያነት፣ በክርስትና ልጅነትና በአሳዳጊነት ከጌታው ጋር ይተሳሰር ነበር። ሚሲንግ የውጭ አገር ሰዎች ሆስፒታል ይሁን እንጂ አኗኗሩ ይኸው ነው። ዋና እመቤቲቱ ሜትሮን ኸርስት ናት፤ ከበሩ ላይ ዘበኛም ቄስም የሆነው ገብረው አለ፤ ከጓሮ ሮዚናና ልጇ ይኖራሉ፤ አልማዝም በአገልግሎቷ የቤተ ሰቡ አካል ሆናለች። መጻተኞቹ ግቢያቸውን ከባሕር ማዶ ያመጡት ቢመስላቸውም፣ ከተማይቱ በራሷ መልክ ሠርታዋለች። ልብ ወለዱ ይህን በቃል ባይናገረውም በዝርዝሩ ሁሉ ያሳየዋል፤ በዚህም ረገድ ከብዙ የጥናት ጽሑፎች ይበልጣል።

ጉድለቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መጽሐፉ ከግቢው ውስጥ የሚታየውን አጥርቶ ያያል፤ ከአጥሩ ማዶ የሚሰማውን ግን አጥርቶ አይሰማም። ለዚህ ዋናው ማስረጃ የሆስፒታሉ ስም ነው። እንደ ተራኪው አባባል፣ የሆስፒታሉ ስም «ሚሽን» ኖሮ፣ የአገሩ ሰው አንደበት አጣምሞ «ሚሲንግ» አሰኝቶታል። በእንግሊዝኛ «ሚሲንግ» የጠፋ፣ የጎደለ ማለት ስለ ሆነ፣ አባትና እናት ለጎደሏቸው ልጆች ስሙ ተስማሚ ምሳሌ ይሆናል። ነገር ግን አማርኛ «ሸ» የተባለ ፊደልና ድምፅ አለው። ሻይ፣ ሽሮና ሽንኩርት የሚል ሕዝብ «ሚሽን» ለማለት አይቸገርም። ከዚህም በላይ ሕዝቡ ለእንዲህ ያለው ተቋም የራሱ ቃል ነበረው፤ ይኸውም በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ በኩል የገባው «ሚሲዮን» ነው። «ሚሲዮን ሆስፒታል» ወይም «ሚሲዮን ትምህርት ቤት» ማለት የተለመደ አነጋገር ነበር። እንግዲህ «ሚሲንግ» የተባለው ስም የአዲስ አበባን ሰው አፍ ሳይሆን የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ጆሮ ያሳያል። ነገሩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ ግን የመጽሐፉ ዋና ምሳሌ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነውና የሚናቅ አይደለም። በ1922ቱ ሕግ ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው አማርኛን መናገርና መጻፍ ከተደነገጉት ግዴታዎች አንዱ ነበር። የከተማይቱ በር ቋንቋ ነበር ማለት ነው፤ መጽሐፉም ከደጃፉ ላይ የሚሰናከለው በቋንቋ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሃይማኖት ነው። ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ፕሬይዝ እምነታቸው ከሐዋርያው ቶማስ ስብከት እንደ መጣ ከሚናገሩት ከኬረላ ክርስቲያኖች ወገን ናት። የደራሲውም ቤተ ሰብ ከእነዚሁ የቶማስ ክርስቲያኖች ይወለዳል፤ «ቨርጊስ» የተባለው ስም ራሱ በሱርስት በኩል የመጣ «ጊዮርጊስ» ነው። የእነዚህ ክርስቲያኖች ታሪክ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገጥምበት ስፍራ አለ። በኢትዮጵያ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ሃይማኖተ አበውን መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ከዚህ 21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1653፣ የኬረላ ክርስቲያኖች በኮቺ አጠገብ በአንድ መስቀል ፊት ተሰብስበው ለፖርቱጋል ኢየሱሳውያን እንዳይገዙ ማሉ። ከዚያም ወገን ለሁለት ተከፈለ፤ እኩሌታው ከሮም ጋር ሲሆን እኩሌታው ከምሥራቅ አባቶቹ ጋር ቆመ። ሁለት ጥንታውያን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት መልእክተኞች ምክንያት፣ አንድ ዓይነት ፈተና ተቀበሉ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ታሪክ በሚሲንግ ግቢ ውስጥ በሁለት ሰዎች ተወክሎ ነበር፤ በመነኩሲቲቱና በዘበኛው ቄስ በገብረው። ካቶሊክ በኢትዮጵያ አነስተኛ ወገን ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ 0.7 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ስሙም በካህናቱ ዘንድ የሱስንዮስን ዘመን ሳያስታውስ አያልፍም። ገብረው ይህችን ሴት ሲያያት ምን አሰበ? መናፍቅ ናት አለ? ወይስ በጾሟና በጸሎቷ እንደ ራሱ ወገን ቆጠራት? መጽሐፉ ወደዚህ ጥልቅ ነገር አይገባም። መነኩሲቲቱ በሥራ ክፍሏ የሰቀለችው የቅድስት ተሬዛ ሥዕል፣ በበርኒኒ ከተቀረጸው ሐውልት የተወሰደው፣ በታሪኩ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ተሰጥቶት ከጀርባው የሚገኘው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሲያጓጓ፣ የገብረው ክህነት ግን የሰውየው ቀለም ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል። አንዱ እምነት ምሥጢር አለው፤ ሌላው ልማድ ብቻ ነው። በአንድ አጥር ውስጥ የነበሩ ሁለት ቤተ ዘመዶች ሳይተዋወቁ መቅረታቸው የመጽሐፉ ትልቁ ያልተጻፈ ምዕራፍ ነው።

አሁን ወደ አቃቂ መሄድ ይቻላል። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ ከመዲናይቱ በፊት የሚገኝ ጣቢያ ሆነች፤ ሐዲዱም ቆይቶ ፋብሪካ ሳበ። እ.ኤ.አ. በ1959 የሕንዱ የቢርላ ድርጅት በኢትዮጵያ በሽርክና ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሕንድ ባለሀብቶች ከአገራቸው ውጭ ከከፈቷቸው ታላላቅ የሽርክና ሥራዎች የመጀመሪያው ነበር። «ኢንዶ ኢትዮጵያ» የተባለው ይህ ፋብሪካ የተተከለው በአቃቂ ነው። እንግዲህ ማሪዮንና ሺቫ በሚሲንግ ግቢ ገና ትንንሽ ልጆች ሳሉ፣ በዚያው ከተማ ደቡብ ዳርቻ ሌላ ሕንድና ሌላ ኢትዮጵያዊ ይገናኙ ነበር። በሚሲንግ ሕንዱ ፈዋሽ፣ ኢትዮጵያዊው በሽተኛ ወይም አገልጋይ ነው። በአቃቂ ሕንዱ ባለ ገንዘብና ባለ ሙያ፣ ኢትዮጵያዊው ደመወዝተኛ ነው። በሚሲንግ ዘበኛው ቤተ ሰብ ነው፤ በአቃቂ ዘበኛው ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው። በሚሲንግ ውለታ አለ፤ በአቃቂ ውል አለ።

ከዚህ ልዩነት ሌላ ነገር ይከተላል። ውለታ ሲጓደል ሰው ይቀየማል፤ ውል ሲጓደል ግን ሰው ይከስሳል፣ ሥራ ያቆማል፣ ማኅበር ያቋቁማል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። አዲስ አበባ በልብ ወለዱ ዘመን ከግቢ ከተማነት ወደ ፋብሪካ ከተማነት በመሸጋገር ላይ ነበረች ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሲሆኑ የአቃቂው የሕንዶች ግቢም በዚያው ፍጻሜውን አገኘ። ይህን ያየ የአቃቂ ሰው አብዮቱ ከየት እንደ መጣ ቢጠየቅ የሚመልሰው አያጣም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን የመንግሥት ለውጥ ሁሉ ከአጥር ማዶ እንደሚመጣ ጎርፍ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ስሞቹ ተለውጠው፣ ጄኔራል መብራቱ በሚባል ባለታሪክ አማካይነት ተተርኳል፤ የጎሽ መታሰር፣ የከተማው ፍርሃትና የጄኔራሉ መሰቀል በብርቱ እጅ የተጻፉ ናቸው። ሆኖም ሰዎቹ ስለ ምን እንደ ተነሡ አንባቢ የሚረዳው በጥቂቱ ነው። በሮዚና ጓሮና በሄማ ሳሎን መካከል ያለው ርቀት የዚያው ጥያቄ ታናሽ ምሳሌ መሆኑን መጽሐፉ ያሳያል፤ ግን ሁለቱን አያገናኛቸውም።

ይህ አለመገናኘት ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ገነትን ነው። ገነት ከመንታዎቹ ጋር አንድ ትምህርት ተምራለች፤ ብልህ ናት፤ ማታ ግን የምትገባው ወደ ጓሮው ቤት ነው። የግቢውን ሥርዓት አልቀበልም የምትል ብቸኛ ልጅ እርስዋ ናት። ደራሲው ይህን ያህል ከሰጧት በኋላ በሥጋዋ ላይ የመከራ መዓት ያወርዱባታል። በእናትዋ ፈቃድ ትገረዛለች፤ እናትዋ ራስዋን ትሰቅላለች፤ ገነት ወደ ኤርትራ ነፃ አውጪዎች ትገባለች፤ በመጨረሻም በሽታ ተሸክማ ብሮንክስ ትደርስና ለማሪዮን ታስተላልፍበታለች። የአገሪቱ ቁስል ሁሉ በአንዲት የአገልጋይ ልጅ ላይ ሲከመር፣ የአገሪቱ ፈውስ ግን በመጻተኞቹ እጅ ይሆናል።

ይህ አከፋፈል ከእውነተኛው ታሪክ ጋር ሲተያይ ይበልጥ ያሳዝናል። በመጽሐፉ ሺቫ የሕክምና ዲግሪ ሳይኖረው በወሊድ የተጎዱ የፌስቱላ ሕሙማን ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ ይሆናል። በእውነተኛይቱ አዲስ አበባም ትምህርት ቤት ሳይገቡ በዚሁ ሙያ የከበሩ ሰው አሉ። እኚህም ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ በመጡት በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሃምሊን እጅ በፌስቱላ ታክመው የዳኑ የገጠር ሴት ሲሆኑ፣ ከረዳትነት ተነሥተው ቀዶ ሕክምናውን ራሳቸው ለመሥራትና ሐኪሞችን ለማሠልጠን በቅተዋል። ሃምሊኖችም እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚሁ በሽታ የተለየ ሆስፒታል በከተማይቱ አቋቁመዋል። ሕይወት ለበሽተኛይቱ ለራስዋ የሰጠችውን ክብር ልብ ወለዱ ለሐኪሞቹ ልጅ ሰጠው። ደራሲ የፈለገውን መፍጠር መብቱ ነው፤ አንባቢም ከተፈጠረው ውስጥ ማን እንደ ጠፋ መጠየቅ መብቱ ነው።

ስለዚህ ለጥናት የሚያነበው ሰው መጽሐፉን በሁለት መንገድ ሊጠቀምበት ይገባል። በአዲስ አበባ ተወልደው ዜግነት ያላገኙ ሰዎች እንዴት እንደ ኖሩ፣ ምን እንደ ፈሩ፣ ማንን እንደ ወደዱ ለማወቅ ከዚህ የሚሻል ምስክር በቀላሉ አይገኝም። የገብረው፣ የአልማዝና የሮዚና ከተማ እንዴት እንደ ነበረች ለማወቅ ግን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል፤ ያም ምስክር በአቃቂ የፋብሪካ ሽማግሌዎች አንደበት፣ በሠራተኛ ማኅበራት መዛግብትና በየሰፈሩ ዕድር መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ወጣት ተማሪዎች ከዚያ ቢጀምሩ መልካም ነው። ከዚያ የሚነሣ ሌላ ልብ ወለድ በአማርኛ ቢጻፍ የቨርጊስን መጽሐፍ አይሽረውም፤ አጥሩ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል በመናገር ይሞላዋል እንጂ። ማሪዮን በመጨረሻ የተመለሰው ወደ ግቢው ነው። ከበሩ ማዶ ያለው ከተማ ገና አልተጻፈለትም።